ሁለተኛው ጥያቄ የት ገባ?

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ነገሩ የተነገረው ለሹመት ደጅ ለሚጠና ሰው ይሁን እንጂ፣ ዛሬ ከማንም ይልቅ የሚመለከተው መቅረጸ ድምፅ ይዞ ከሰው ቤት ሰው ቤት የሚዞረውን ጋዜጠኛ ነው። በአሁኑ ወቅት አገራችን የጠያቂ ድኻ አይደለችም። ሬዲዮው ይጠይቃል፤ ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፤ ጋዜጣና መጽሔቱ ይጠይቃል፤ በየእጅ ስልካችን የሚመጣው ዝግጅት ሁሉ እንግዳ አስቀምጦ ይጠይቃል። ደራሲው፣ ሠዓሊው፣ ሐኪሙ፣ ጡረታ የወጣው መኮንን፣ ከውጭ አገር የተመለሰው ሳይንቲስት፣ ሁሉም ወንበር ተሰጥቶት ስለ ባህል፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ራሱም ሕይወት ይናገራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ተጠይቆ፣ ይህ ሁሉ ተመልሶ፣ አንባቢው መጽሔቱን ሲያጥፍ ወይም አድማጩ ሬዲዮውን ሲዘጋ በእጁ የሚቀረው ምንድን ነው?

የዚህ ጸሐፊ መልስ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን የሚቀረው ለሥራ ቅጥር የሚሞላ ፎርም የሚመስል ነገር ነው። «ትውልድና ዕድገትዎ?» ይላል ጠያቂው። እንግዳው ይመልሳል። «ወደ ሙያው እንዴት ገቡ?» ይመልሳል። «የማይረሱት ገጠመኝ?» ይመልሳል። «በመጨረሻ ለወጣቱ ትውልድ የሚያስተላልፉት መልእክት?» እንግዳው ወጣቱን ይመክራል፤ ጠያቂው ያመሰግናል፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ደራሲውን አንሥተን በቦታው ሐኪሙን፣ ሐኪሙን አንሥተን በቦታው አትሌቱን ብናስቀምጥ ከጥያቄዎቹ አንዲቱም ንቅንቅ አትልም። ለሁሉ እንዲሆን የተሰፋ ልብስ ደግሞ ለማንም ልክ አይሆንም።

እነዚህ ጥያቄዎች በራሳቸው ኃጢአት የለባቸውም። ሰው የት እንደ ተወለደ ማወቅ ደግ ነገር ነው። ጉድለቱ ያለው ከእነሱ ቀጥሎ መምጣት ሲገባው በማይመጣው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ጋዜጠኛው ቤቱ ተቀምጦ ጽፎት ይመጣል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ቤት ውስጥ አይጻፍም፤ የሚወለደው ከመልሱ ውስጥ ነው። እንግዳው አንድ ነገር ጀምሮ ዝም ሲል፣ የአንድ ሰው ስም ጠርቶ ቶሎ ሲያልፍ፣ ወይም «ያን ጊዜ መቼም የታወቀ ነው» ብሎ ወሬውን ሊዘጋ ሲሞክር፣ «የቱ ነው የታወቀው?» የሚል ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀ ይባላል። ለዚህ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ለማዳመጥ ደግሞ አስቀድሞ አንብቦ መምጣት ያስፈልጋል። የቃለ ምልልሳችን ድኽነት፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ የሚመነጨው ከዚህች ከሁለተኛዋ ጥያቄ መጥፋት ነው።

አክብሮት ነውን?

ለምን እንደ ጠፋች ሲጠየቁ ብዙዎች «ባህላችን ነው» ይላሉ። ታላቅን ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሽማግሌ የተናገረውን መልሶ «ማለት?» ማለት ድፍረት ነው ይባላል። እውነት ይመስላል። ይሁንና ባህሉን ጠጋ ብለን ብንመረምረው የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በዳኛ ፊት ይሟገቱ በነበረበት ዘመን ተሟጋቹ ባላጋራውን በጥያቄ ሲያፋጥጥ የሚሰማው ሕዝብ እንደ ትልቅ ጨዋታ ከቦ ያዳምጠው ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ብቻ ሰምቶ አይሄድም፤ ወርቁን እስኪያገኝ ይመራመራል። የመጻሕፍት ትርጓሜያችን «አንድም፣ አንድም» እያለ የሚጓዘው የመጀመሪያው መልስ አልበቃ ብሎት ነው። ልጆች እንኳ በየምድጃው ዳር «እንቆቅልህ» ሲባባሉ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ሳይሰጥ አያመልጥም።

እንግዲህ ባህላችን የሚጠላው ጋጠ ወጥነትን ነው፤ ጥያቄን አልጠላም። «እርስዎ» እያሉ፣ ከመቀመጫ ብድግ እያሉ፣ ከባድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ጸሐፊ የሚጠረጥረው የቅርቡን ታሪካችንን ነው። በሳንሱር ዘመን ጋዜጠኛው መልሱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ አዘጋጁም ያውቀው ነበር፤ እንግዳውም እንደዚያው። መልሱ የታወቀ ጥያቄ ተከታይ አይፈልግም። በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ሳንሱር በሕግ ቀረ። በአጠያየቃችን ውስጥ የተወው ልማድ ግን በአዋጅ የሚሻር ዓይነት አልነበረም። ዛሬም ብዙ ጠያቂ አንድ መልስ ከሰማ በኋላ ወደ ወረቀቱ ያጎነብሳል፤ ቀና ሲል የሚጠይቀው ቀድሞ የተጻፈውን ተራ ቁጥር ሁለትን ነው።

በዘንገና ዳር

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ አንባቢ ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ሳያይ አይቀርም። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው። ከላይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር እንደሚደርስ ተመዝግቧል። ለማነጻጸር ያህል፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም።

ወደዚህ አካባቢ ጋዜጠኛ በብዛት የሚመጣው በጥር ወር ነው። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በአድዋ ዘመቻና በኋላም በጣልያን ወረራ ጊዜ ፈረሰኛውና ፈረሱ የዋሉትን ውለታ ያስባል። ይህ ጸሐፊ በአንዱ ዓመት በበዓሉ ማግስት በዘንገና ዳር ካሜራ ተተክሎ አንድ አረጋዊ ፈረሰኛ ሲጠየቁ ቆሞ ሰምቷል። «አባቴ፣ ፈረስ ለአገው ሕዝብ ምኑ ነው?» አለ ጋዜጠኛው። አስተርጓሚ ነበረ። አረጋዊው በአዊኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። እጃቸው አንድ ጊዜ ወደ ተራራው፣ አንድ ጊዜ ወደ እርሻው ሄደ። መካከል ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ አጠገባቸው የቆሙት ጎልማሶችም አንገታቸውን ደፉ። አስተርጓሚው ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «ፈረስ ለአገው ሁሉ ነገሩ ነው ይላሉ» አለ። ጋዜጠኛው አመሰገነና ቀጠለ፤ የቀጠለውም «ስለ ሐይቁ አፈ ታሪክ ቢነግሩን?» በሚል ነበር።

ድምፃቸው ዝቅ ያለው ለምን ነበር? ካሜራው ከተነሣ በኋላ ከጎልማሶቹ አንዱ በአማርኛ እንደ ተረከው፣ አረጋዊው ይናገሩ የነበረው አባታቸው በጣልያን ጊዜ ይዘውት ስለ ዘመቱት ፈረስ ነው። አባትየው ተመለሱ፤ ፈረሱ አልተመለሰም። ፈረስ ጭነት በሚሸከምበት፣ ሞፈርም በሚጎትትበት በዚያ አገር ያ ዓመት ለቤቱ ክፉ ዓመት ሆነ። እናታቸው መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል እንዲያርሰው ሰጡት። ልጁም ይህን ከእናቱ አፍ እየሰማ አደገ። «ፈረስ ሁሉ ነገሩ ነው» የሚለው ቃል ለካ ከዚህ የመጣ ነበር። ይህ ቃል ለብቻው ሲነገር በበዓል ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ መፈክር ነው። ከበስተኋላው ያለው ግን ጦርነት በአንድ ጎጆ ደጃፍ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ታሪክ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

የቋንቋውም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። አዊኛ ከአማርኛ ጋር ዘመናት ጎን ለጎን የኖረ፣ ነገር ግን ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን የሆነ፣ የራሱ ብርቱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። የቋንቋ ሊቁ ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው ስለዚሁ ቋንቋ የግሥ ሥርዓት ብቻ ነው። የቋንቋ ተመራማሪ ሥራው ይህ ነው፤ አንዱን ግሥ ለአንደኛ ሰው፣ ለሁለተኛ ሰው፣ ላለፈ፣ ለሚመጣ፣ ለአሉታ እያለ ሲጠይቅ ይውላል። ለአንድ ግሥ ይህን ያህል ትዕግሥት ከተገኘ ለአንድ ሰው ሕይወት ጥቂቱን ማግኘት ለምን ያቅተናል? ቢያንስ አስተርጓሚውን «አባባ የተናገሩት ረዘም ያለ ነበር፤ እስቲ ቃል በቃል ድገምልኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ደራሲያኑ እንዴት ተጠየቁ?

ከአዊ ብዙም ሳንርቅ፣ በዚያው በጎጃም ወደ ተወለዱት ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ እንለፍ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ፣ ኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ከተተረከ ወዲህ ሐዲስን ያየ ሁሉ ሊጠይቃቸው የሚፈልገው ስለ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ በዛብህና ስለ ጉዱ ካሣ ነው። «ጉዱ ካሣ እርስዎ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ለማንም ይመጣል። ነገር ግን ሐዲስ በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር የተዋጉ፣ በኋላም ተማርከው በጣልያን ደሴቶች ለዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸው። የዚያን ዘመን ማስታወሻቸውን «ትዝታ» ብለው ያሳተሙት ግን በ1985 ዓ.ም. ነው። ከጦርነቱ እስከ መጽሐፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። በመካከሉ ልቦለዶች ጻፉ፣ በዲፕሎማትነት ዞሩ፣ ሚኒስትርም ሆኑ። አንድ ወጣት ወታደር በዓይኑ ያየውን ጦርነት ለመጻፍ እስከ ሰማንያ ዓመቱ ድረስ ለምን ቆየ? ጦርነቱን ያላዘለው ልቦለድስ ለምን ቀደመው? ይህ ነው ሁለተኛው ጥያቄ ማለት። ሐዲስ በ1996 ዓ.ም. ዐርፈዋልና ዛሬ ይህን ሊጠይቅ የሚወድ ሰው መልሱን ከመጻሕፍቱ መስመሮች መካከል ከመፈለግ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ደራሲዎቻችንን አግኝቶ በሰፊው በመጠየቅ ረገድ አንድ የውጭ አገር ሰው ሳይመሰገን አይታለፍም። ኖርዌያዊው ሬይዱልፍ ሞልቫር እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝኛ ያሳተመው መጽሐፍ፣ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጥቁር አንበሶች» የሚል ሲሆን፣ የዘመናዊ ሥነ ጽሑፋችንን ቀዳሚዎች ሕይወት የያዘ ነው። ሞልቫር የሚጠይቀው ስለ ቄስ ትምህርት ቤት፣ ስለ አባትና እናት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ እስራትና ስለ ሹመት ነው። ለባዕድ ሰው መናገር አንዳንዴ ይቀላል፤ ስለዚህም ከመጽሐፉ ገጾች ብዙ ያልተጠበቀ ነገር ይገኛል። ጉድለት አለበት ከተባለ፣ ለደራሲው ኑሮ የሰጠውን ያህል ቦታ ለዐረፍተ ነገሩ አለመስጠቱ ነው። ደራሲው ምን እንደ ኖረ እናውቃለን፤ እንዴት እንደ ጻፈ፣ ምን ጽፎ ምን እንደ ሰረዘ ግን ያን ያህል አንሰማም። ይሁን እንጂ እኛ ራሳችን ከዚህ የሰፋ ስብስብ በአማርኛ አዘጋጅተን ቢሆን ኖሮ ለመንቀፍ የበለጠ አፍ ይኖረን ነበር።

ሌላው መንገድ የዘነበ ወላ ነው። «ማስታወሻ» በተባለው መጽሐፉ ዘነበ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ይዞ ይቀመጣል። ስብሐት በብዕሩ ብቻ ሳይወሰን በአንደበቱም ደራሲ የነበረ ሰው ነው፤ የሚያወራው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። ዘነበ ይህን ወሬ ሥርዓት አስይዛለሁ ብሎ አላደረቀውም። ጠያቂውና ተጠያቂው ስለሚዋወቁ «የት ተወለድክ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ከማግኘት አልፎ ወደ ጨዋታ ይለወጣል። የመጽሐፉ ብርታት ይህ ነው። ደካማ ጎኑም ከዚሁ ይመነጫል። ወዳጅ ወዳጁን ሲያዳምጥ መውደዱ ከመጠራጠሩ ይበልጣል፤ ስብሐት ስለ ራሱ የፈጠረው ስብሐት የትኛው እንደ ሆነ፣ የኖረው ስብሐት የትኛው እንደ ሆነ አንባቢው ራሱ እንዲለይ ይተውለታል።

በውጭው ዓለም «ፓሪስ ሪቪው» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ያተማቸው የደራሲያን ቃለ ምልልሶች ስማቸው የገነነው ከደራሲዎቹ ዝና የተነሣ ብቻ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ተጠያቂ እንግሊዛዊው ኢ.ኤም. ፎርስተር ነበር። የመጽሔቱ ልማድ የተገለበጠውን ቃል ለደራሲው መልሶ መስጠት፣ እንዲያርመውና እንዲጨምርበት መፍቀድ፣ ሲያስፈልግም ተመልሶ መሄድ ነው። ደራሲው ሲጽፍ እንደሚሰርዝ ሁሉ ሲናገርም ሊሰርዝ ይገባዋል ከሚል አሳብ የመነጨ ይመስላል። ሁለተኛው ጥያቄ እዚህ የሥራ ደንብ ሆኗል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያሳዝነው ጨርሶ ያልተጠየቀው ነው። በዓሉ ግርማ ራሱ ጋዜጠኛና አዘጋጅ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ዋናው ገጸ ባሕርይ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው፤ መጽሐፉም በአንድ ወገን ጥያቄን በሥራው የያዘ ሰው በሌላ ወገን የመንግሥትን መልስ ማሠራጨት ሲገደድ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ልቦለዱ ታገደ፤ በዓሉ ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ቀረ። «ይህን ለምን ጻፍክ? ሲጽፉህስ ምን ታስብ ነበር?» ብሎ ቀስ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ለማግኘት ጊዜ አልተሰጠውም።

ጨዋታው

በሬዲዮ በኩል በ2000 ዓ.ም. ሥርጭቱን በጀመረው በሸገር ኤፍ.ኤም. መዓዛ ብሩ ያቀረበችው «የጨዋታ እንግዳ» ከሌሎቹ ተለይቶ ይታያል። ዋናው ልዩነት ጊዜ ነው። አንድ እንግዳ አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቦ አይሸኝም፤ ወሬው ካላለቀ ለሳምንታት ይዘልቃል። ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ሰዓት የሚናገረው ለሌላው ሁሉ ደጋግሞ የነገረውን ነው። አዲሱ ነገር የሚመጣው የተለማመደው ሲያልቅበት ነው። መዓዛ ይህን ታውቅበታለች፤ «እስቲ ቤቱን ይንገሩን፣ በሩ በየት በኩል ነበር?» ዓይነት ትንንሽ ጥያቄ እየጠየቀች ሰውየውን ወደ ልጅነቱ ግቢ መልሳ ታስገባዋለች።

በአንጻሩ «ጨዋታ» የሚለው ስም ራሱ ድንበር ያበጃል። ጨዋታ ላይ እንግዳን ማስጨነቅ ነውር ነው። እንግዳው ሠዓሊ ወይም መምህር ሲሆን ይህ ምንም አይጎዳም። እንግዳው ሥልጣን ይዞ የነበረ፣ በፊርማው የሰው ዕድል የተለወጠ ሰው ሲሆን ግን አድማጩ አልፎ አልፎ በጨዋታው መካከል የሙግቱን ድምፅ ይናፍቃል። ሁለቱን አስማምቶ መያዝ ከባድ ነው። ቢሆንም ከላይ እንዳልነው የአገራችን ሽማግሌ ሲያስታርቅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቡና እየተጠጣ፣ እየተሣቀም ቢሆን፣ «አንተስ ምን አደረግህ?» የምትለዋን ቃል ሳያወጣ አይነሣም።

ሳይንቲስቱና ሽልማቱ

ስለ ሳይንስ የሚደረገው ቃለ ምልልስ ከሁሉም የቀጨጨ ነው። ሳይንቲስት የሚጠየቀው የት እንደ ተማረ፣ ስንት ዲግሪ እንዳለው፣ ምን እንደ ተሸለመ ነው። ሥራው ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅም «ለተራው አንባቢ ይከብዳል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ደግሞ ለአንባቢው ንቀት ነው።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ብዙ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል። አክሊሉ ግን ቆመ። ከላይ በኩል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስቦ፣ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ለመናት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት የቤተ ሙከራ ሥራና ግኝቱን ለማሳመን የተደረገ ረጅም ትግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ።

ይህን ታሪክ «ተሸለመ» በሚለው ቃል የሚጀምር ጋዜጠኛ ከመጨረሻው ጀምሯል። ሳይንስ ያለው በወንዙ ዳር ነው፤ «ቀንድ አውጣው ለምን እዚህ ሞተ? እዚያስ ለምን አልሞተም?» በሚለው ላይ። ሳይንስ ራሱ ሁለተኛ ጥያቄ ነው ብንል አልተሳሳትንም። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ እሱ የመጀመሪያው መልስ ነው። ለጠያቂ የሚስማማውም የአክሊሉን ሥራ በአክሊሉ መንገድ መጠየቅ ነው፤ «መጀመሪያ ያዩት ዕለት ምን ጠረጠሩ? ከእርስዎ ጋር ያልተስማሙት ሰዎች መከራከሪያቸው ምን ነበር? ያልሠራው ሙከራ የትኛው ነው?» አክሊሉ በ1989 ዓ.ም. ዐርፏል። በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ጣቢያው ግን ይህን ሊጠየቁ የሚገባቸው ብዙዎች አሉ።

ጦርነቱን የሚያስታውሱ

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራው ስለ ጦርነት ሲጠየቅ ነው። ገነት አየለ በ1994 ዓ.ም. ያሳተመችው «የሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትዝታዎች» ለዚህ ትልቁ ማስረጃችን ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወደ ዚምባብዌ የሸሹትን ሰው ፈልጎ ማግኘትና ማናገር ቀላል ሥራ አልነበረም። አንባቢው ያንን ለዓመታት በሬዲዮ ሲያዝዘው የኖረ ድምፅ ሲያስታውስ፣ ሲከስስ፣ ሲከላከል ሰማው። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ሀብት ነው። ሰውየው በ1999 ዓ.ም. በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲባሉ ፍርድ ቤቱ ያላገኘው ቃል በከፊል እዚህ ተቀምጧል።

የመጽሐፉ ርዕስ ግን በደንብ መነበብ አለበት። «ትዝታዎች» ይላል። ትዝታ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ የፈለገውን ያነሣል፣ የፈለገውን ይጥላል። በአንድ ሰው ትዝታ ላይ የቆመ መጽሐፍ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተረሸኑትን ስድሳ ሰዎች ወይም በቀይ ሽብር ዘመን ልጃቸውን ከመንገድ ያነሡትን እናቶች ወንበር አይሰጣቸውም። እነሱ በገጹ ላይ ሊኖሩ የሚችሉት በጠያቂዋ ጥያቄ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ስናነብ ልንመዝነው የሚገባን በመልሱ ርዝመት አይደለም። እያንዳንዱ መልስ ካበቃ በኋላ ሌላው ምስክር በጠያቂው አፍ ተናግሯል ወይስ አልተናገረም? መለኪያው ይህ ነው።

ቤላሩሳዊቷ ስቬትላና አሌክሲየቪች፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤልን ሽልማት ያገኘችው፣ ሌላ መንገድ ታሳያለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሶቪየት ጦር የተዋጉ ሴቶችን እየዞረች አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ1985 መጽሐፍ አወጣች። ሴቶቹ መጀመሪያ የሚነግሯት በጋዜጣ ያነበቡትን፣ ከባሎቻቸው የተማሩትን የድል ታሪክ ነበር። አሌክሲየቪች አልሄደችም። ሻይ እየጠጣች፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ምግብ እየጠየቀች ቆየች። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ፍርሃታቸው፣ ስለ ወንድ ጫማ ስፋት፣ ስለ ገደሉት የመጀመሪያ ሰው መናገር የጀመሩት። ትልቁ ጥያቄ «ጦርነት ምንድን ነው?» ሲሆን ትልቅ ባዶ መልስ ያመጣል፤ «ጫማው ልክሽ ነበር?» የሚለው ግን ጦርነቱን ቤት ድረስ ያስገባል።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመበት ወዲህ ያዩትን ያዩ ሰዎች በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በየቤታቸው አሉ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተኩስ ድምፅ ያላየ ያልሰማ ወረዳ ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች በብዛት የሚጠየቁት «ማን አደረገው?» ተብለው ነው። መልሱ ከመሰጠቱ በፊት ጠያቂው ያውቀዋል፤ የሚፈልገውን ካገኘ ካሜራውን ያጥፋል። ዘመኑ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ መልሱ የታወቀ ጥያቄ።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የቆሰለን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ቁስል መነካካት አይደለምን? ልክ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መስቀለኛ ጥያቄ አይደለም፤ በስልክ የሚሠራጩት ዝግጅቶች የሰውን ትዳርና ገመና ለመበርበር እንደሚያቀርቡት ነገር ፍለጋም አይደለም። አንዳንዴ ሁለተኛው ጥያቄ «ይበቃል እንዴ? ሌላ ቀን ልምጣ?» የሚል ሊሆን ይችላል። ዝም ማለትም መልስ ነው፤ ዝም ባለበት ቦታ ዝም ማለቱን መጻፍ ግን የጠያቂው ግዴታ ነው። ተጠያቂውን የሚያቆስለው መጠየቁ ሳይሆን የማይሰማው ሰው መጠየቁ ነው፤ ያን ሁሉ ተናግሮ በማግሥቱ አንድ መፈክር ሆኖ ሲያገኘው።

ምን ይደረግ?

ለአዘጋጆች የሚቀርበው ልመና ብዙ አይደለም። ጋዜጠኛውን ወደ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ላኩት፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ለሚታወቀው፣ ሁለተኛውን ለማይታወቀው። ሁለት ጊዜ ለመላክ አቅም ከሌለ በወር ሦስት እንግዳ ከማቅረብ አንድ ይቅረብ። ደራሲ የሚያነጋግር ሰው መጽሐፉን አንብቦ ይሂድ፤ ርዕሱን ብቻ አይሸምድድ። ቋንቋው ሌላ ከሆነ የተናገረው ሁሉ ቃል በቃል ተገልብጦ ይተርጎም፤ ካሴቱም አይሰረዝበት። ጠያቂው ያልገባውን የሚቀጥለው ትውልድ ሊገባው ይችላልና።

ሐዲስ በ1996፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998፣ ስብሐት በ2004፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2013 ዓ.ም. ሄደዋል። ከእነሱ ያልተጠየቀው ያልተጠየቀ ሆኖ ይኖራል። በሕይወት ያሉት ግን በየቤታቸው፣ በየቀበሌው፣ በየሐይቁ ዳር ተቀምጠው የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰው ጨርሰዋል። ቀጣዩን እየጠበቁ ነው።